ቅንፍ ላይ የተንጠለጠለችው ቁጥር

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ፦ ኬሚስትሪ

የዚህ እትም ጥያቄዎች ከደሴና ከኮምቦልቻ የደረሱን ናቸው። አብዛኞቹ ከደብተር የወጡ ሲሆኑ ሌሎቹን የላኩልን የክኒን ማሸጊያ፣ የጨው ፓኬትና የቤት ክዳን ያነጋገራቸው ሰዎች ናቸው።

ምልክቶቹን ክፍል ውስጥ በሚጠሩበት ድምፅ በፊደላችን ጽፈናቸዋል። ፊደላችን ትልቅና ትንሽ ሆሄ ስለሌለው የአንድ ንጥረ ነገር ምልክት የሆኑትን ሆሄያት አጣብቀን፣ አንዱን ንጥረ ነገር ከሌላው በጭረት ለይተናል። ስለዚህ «ሲኦ» ኮባልት ነው፤ «ሲ-ኦ» ግን ካርቦን ሞኖክሳይድ፣ ማለትም በተዘጋ ቤት ከሰል ሲነድ ሰው የሚገድለው ጋዝ ነው። ደብተራችሁ ላይ ሁለተኛዋን ሆሄ አሳንሳችሁ ካልጻፋችሁ እነዚህን ሁለቱን አደባለቃችሁ ማለት ነው፤ ፈተና ላይ ብዙ ነጥብ የሚሄደው በዚህ ነው። በሮማውያን ቁጥር ፋንታ ደግሞ የግዕዝ ቁጥር ተጠቅመናል።

«ሲኤ-ሲኤል₂ን ‹ካልሲየም ዳይክሎራይድ› ብዬ ብጽፍ ተሰረዘብኝ። ሲ-ኦ₂ ‹ካርቦን ዳይኦክሳይድ› ይባል የለም ወይ? ይኼኛውም ሁለት ክሎሪን እያለው ‹ዳይ› ለምን ቀረበት?»
የ9ኛ ክፍል ተማሪ (ሴት)፣ ደሴ፣ ሆጤ

«ዳይ» የቀረው ስለማያስፈልግ ነው። ካልሲየም ውህድ ሲሠራ ሁለት ኤሌክትሮን ይሰጣል፤ አንድ ሰጥቶ አይቀርም፣ ሦስትም አይሰጥም። ቻርጁ (የኤሌክትሪክ ሙሉ ቁጥሩ) ሁልጊዜ +2 ነው። ክሎራይድ ደግሞ −1 ነው። ሁለቱ ተደምረው ዜሮ እንዲመጡ ለአንድ ካልሲየም ሁለት ክሎራይድ የግድ ነው። እንግዲህ «ካልሲየም ክሎራይድ» ያለሽን ሰው «ስንት ክሎሪን?» ብለሽ አትጠይቂውም፤ ራስሽ ትደርሺበታለሽ። ካርቦንና ኦክስጅን ግን ኤሌክትሮን የሚጋሩ እንጂ የሚሰጣጡ አይደሉም፤ አንድ ለአንድም አንድ ለሁለትም ይጣመራሉ። ስሙ ራሱ ቁጥሩን ካልተናገረ የትኛው እንደሆነ አይታወቅም።

ስለዚህ ስም ከመስጠትሽ በፊት መጀመሪያ የተጻፈውን ምልክት እዪ። ሜታል ከሆነ ወይም አሞኒየም (ኤን-ኤች₄) ከሆነ ሞኖ፣ ዳይ፣ ትራይ የሚባሉትን እርሺያቸው። የሜታሉን ስም እንዳለ ትጽፊና የኢ-ሜታሉን መጨረሻ ወደ «-አይድ» ትለውጪያለሽ፦ ኤንኤ₂-ኦ ሶዲየም ኦክሳይድ፣ ኤምጂ₃-ኤን₂ ማግኒዚየም ናይትራይድ፣ ኤኤል₂-ኦ₃ አሉሚኒየም ኦክሳይድ። ሁለተኛው ወገን እንደ ሰልፌት ያለ ከአንድ በላይ አቶም ያለው አዮን (ቻርጅ የያዘ ቅንጣት) ከሆነ ስሙ ምንም አይነካም።

ይህ ሁሉ የሚሠራው ቻርጃቸው ለማይለዋወጥ ነው። በቃል የሚያዙት ጥቂት ናቸው፦ በፔሪዮዲክ ሠንጠረዥ ምድብ 1 ሁሉ +1፣ ምድብ 2 ሁሉ +2፣ አሉሚኒየም +3፣ ዚንክ +2፣ ብር +1። ብረት፣ መዳብ፣ እርሳስ፣ ክሮሚየም የመሳሰሉት ግን ከአንድ በላይ ቻርጅ ስለሚይዙ የትኛው እንደሆነ በቅንፍ መነገር አለበት። ኤፍኢ-ሲኤል₂ አይረን(፪) ክሎራይድ፣ ኤፍኢ-ሲኤል₃ አይረን(፫) ክሎራይድ ይባላሉ።

እዚህ ላይ ጎበዝ የሚባሉ ተማሪዎችም የሚወድቁበት ጉድጓድ አለ። ኤፍኢ₂-ኦ₃ ሲሰጣቸው ሁለቷን ያዩና «አይረን(፪) ኦክሳይድ» ይላሉ። በቅንፍ ያለው ቁጥር የብረቱ ብዛት አይደለም፣ የአንዱ ብረት ቻርጅ ነው። ሦስት ኦክሳይድ −6 ነው፤ ያንን ሁለት ብረት ሲካፈሉት ለእያንዳንዱ +3 ይደርሰዋል። ስሙ አይረን(፫) ኦክሳይድ ነው።

«የዳፕ ማዳበሪያ ፎርሙላ (ኤን-ኤች₄)₂-ኤች-ፒ-ኦ₄ ነው ተባልን። እኔ 15 አቶም አለው እላለሁ፣ ወንድሜ 16 ይላል። ደግሞስ ኬሻው ላይ 18-46 የሚለው ከዚህ ጋር ምን አገናኘው?»
ወንድማማቾች፣ ኮምቦልቻ

ወንድምህ ልክ ነው። አብሽር፣ አንተንም ያሳተችህ አንዲት ሃይድሮጅን ናት፤ የትኛዋ እንደሆነችም እናውቃለን።

ከግርጌ የምትጻፍ ቁጥር የምትገዛው ወዲያው በስተግራዋ ያለውን ብቻ ነው። በስተግራዋ ምልክት ካለ ያንን ንጥረ ነገር ብቻ ታበዛለች። በስተግራዋ የተዘጋ ቅንፍ ካለ ግን ቅንፉ ውስጥ ያለውን ሁሉ ታበዛለች፣ ከቅንፉ ውጪ ያለውን አትነካም። በዳፕ ውስጥ ቅንፉ ላይ የተንጠለጠለችው 2 ናይትሮጅንን 2፣ ሃይድሮጅንን 4 ጊዜ 2 ማለትም 8 ታደርጋቸዋለች። ከቅንፉ ወጥታ ብቻዋን የቆመችው ሃይድሮጅን ዘጠነኛ ናት፤ አንተ የዘለልካት እሷን ነው። ፎስፈረስ 1፣ ኦክስጅን 4። ድምር፦ 2 + 9 + 1 + 4 = 16።

ለሚጠራጠር ሰው የማይከሽፈው መንገድ ቅንፉን ወረቀት ላይ መዘርገፍ ነው። ኤን-ኤች₄፣ ኤን-ኤች₄፣ ኤች-ፒ-ኦ₄ ብለህ ጎን ለጎን ጻፍና በጣት ቁጠር። ከዚያ ለእያንዳንዱ ንጥረ ነገር አንድ መስመር ያዝ፤ የቆጠርከውን ምልክት ፎርሙላው ላይ እያሰመርክ እለፍ። ሳይሰመር የቀረ ምልክት ካየህ የጎደለህ እሱ ነው። አንድ ንጥረ ነገር ሁለት ቦታ ሲጻፍ፣ እንደዚህች እንደ ሃይድሮጅን፣ በዓይን ብቻ የቆጠረ ሰው ሁለተኛዋን መዝለሉ አይቀርም።

ሌላው ስህተት ማባዛት ሲገባ መደመር ነው። ውሃ ለማጥራት የሚያገለግለውን አሉሚኒየም ሰልፌት፣ ኤኤል₂(ኤስ-ኦ₄)₃፣ ውሰዱት። ኦክስጅኑ 4 ጊዜ 3፣ 12 ነው፤ «4 እና 3፣ 7» የሚል መልስ ግን በየፈተናው አይጠፋም። አሉሚኒየም 2፣ ሰልፈር 3፣ ኦክስጅን 12፣ በድምሩ 17 አቶም። ከፎርሙላው ፊት ትልቅ 2 ቢጻፍ ደግሞ እሷ ሁሉን ትገዛለች፤ 34 ይሆናል።

ቅንፍ የሚገባውም አዮኑ ከአንድ በላይ ሲሆን ብቻ ነው። ኤንኤ-ኦ-ኤች ቅንፍ አይሻም። ለጨጓራ የሚሰጠው ማግኒዚየም ሃይድሮክሳይድ ግን ኤምጂ(ኦ-ኤች)₂ ነው፤ ቅንፉን ረስታችሁ ኤምጂ-ኦ-ኤች₂ ካላችሁ ቁጥሯ ሃይድሮጅንን ብቻ ይዛ አንድ ኦክስጅን ታስቀራለች፣ 5 አቶም የነበረው 4 ይሆናል።

ዳፕ ሲተነተን «ዳይአሞኒየም ፎስፌት» ነው። እዚህ «ዳይ» ከየት መጣ? የንግድ ስም ነው፤ ገበያው ለምዶታል። በስም አሰጣጡ ደንብ «አሞኒየም ሃይድሮጅን ፎስፌት» ማለት ይበቃል፤ ሃይድሮጅን ፎስፌት −2፣ አሞኒየም +1 ስለሆነ ሁለት አሞኒየም መሆኑ ከቻርጁ ይወጣል። «ዳይ» በደንቡ የሚያስፈልግበት ቦታም አለ፦ ኤን-ኤች₄-ኤች₂-ፒ-ኦ₄ «አሞኒየም ዳይሃይድሮጅን ፎስፌት» ነው። ይህ «ዳይ» የአዮኑ የራሱ ስም አካል ነው። ፎስፌት −3 ነው፤ አንድ ሃይድሮጅን ሲጨመርበት −2፣ ሁለት ሲጨመርበት −1 ይሆናል። «ዳይ»ን ከሰረዝከው ሌላ አዮን ትጠራለህ።

ወደ ኬሻው እንመለስ። 18 ማለት በ100 ኪሎ ውስጥ 18 ኪሎ ናይትሮጅን ማለት ነው። 46 ግን የፎስፈረስ ክብደት አይደለም፤ ፎስፈረሱ በሙሉ ፒ₂-ኦ₅ ቢሆን ኖሮ ስንት እንደሚመዝን የሚነግር የቆየ የማዳበሪያ ንግድ ልማድ ነው። ኬሻው ውስጥ ፒ₂-ኦ₅ የሚባል ነገር የለም። ከፒ₂-ኦ₅ ክብደት ፎስፈረሱ 43.6 በመቶ ስለሆነ በአንድ ኩንታል ዳፕ ያለው ትክክለኛ ፎስፈረስ 20 ኪሎ ያህል ነው። በፎርሙላው ካሰላችሁ ናይትሮጅኑ 28 ለ132 (የሁለቱ ናይትሮጅን ክብደት ለጠቅላላው)፣ ወደ 21 በመቶ ይመጣል፤ ኬሻው 18 የሚለው የፋብሪካ ምርት እንደ ላቦራቶሪ ናሙና ንጹሕ ስላልሆነ ነው።

ዩሪያን ደግሞ ከዚህ ጋር እንዳታምታቱት። ሲ-ኦ(ኤን-ኤች₂)₂ ቅንፍ አለው፣ ግን አዮን የለበትም፤ ሞለኪዩል ነው። ቆጠራው ያው ነው፦ ካርቦን 1፣ ኦክስጅን 1፣ ናይትሮጅን 2፣ ሃይድሮጅን 4፣ በድምሩ 8። ናይትሮጅኑ 28 ለ60 ነው፤ ኬሻው ላይ 46 የሚለው ከዚህ የመጣ ነው።

«በእርግዝናዬ ጊዜ የተሰጠኝ ክኒን ‹ፌረስ ሰልፌት› ይላል። ልጄ ከመጽሐፉ ‹አይረን(፪) ሰልፌት› ብሎ ያነባል። አንድ ናቸው? 300 ሚሊ ግራም ተብሎ ብረቱ 60 ሚሊ ግራም ብቻ የሆነውስ ለምንድን ነው?»
እናት፣ ኮምቦልቻ

አንድ ናቸው። «ፌረስ» ብረት በላቲን «ፌረም» ከሚባልበት የመጣ የድሮ አጠራር ነው፤ መድኃኒት ቤቶች እስካሁን ይዘውታል። በዚህ አጠራር «-አስ» ዝቅተኛውን ቻርጅ፣ «-ኢክ» ከፍተኛውን ያመለክታል። ፌረስ +2፣ ፌሪክ +3 ነው። ልጅዎ ግን «-አስ ማለት 2 ነው» ብሎ እንዳይዘው ይንገሩት፤ መዳብ ላይ ኩፕረስ +1፣ ኩፕሪክ +2 ነው፣ ቆርቆሮ በሚባለው ንጥረ ነገር ላይ ስታነስ +2፣ ስታኒክ +4 ነው። «ዝቅተኛ» እና «ከፍተኛ» እንጂ ቁጥሩን አይናገርም፤ አዲሱ አጠራር የተሻለውም በዚህ ነው።

ከፎርሙላው ሲነሳ ከሚታወቀው ይጀምራል። ሰልፌት ሁልጊዜ −2 ነው። ኤፍኢ-ኤስ-ኦ₄ ውስጥ አንድ ሰልፌት ስላለ ብረቱ +2 ነው። ኤፍኢ₂(ኤስ-ኦ₄)₃ ውስጥ ሦስት ሰልፌት −6 ስለሚሆኑ ሁለቱ ብረቶች +3፣ +3 ይወስዳሉ፤ ይህኛው ፌሪክ ነው።

ስለ 60ው፦ ይህ ጨው ሲጠጥር ሰባት የውሃ ሞለኪዩል ይዞ ነው፤ ኤፍኢ-ኤስ-ኦ₄·7ኤች₂-ኦ ተብሎ ይጻፋል። መሃል ያለችው ነጥብ ማባዣ አይደለችም፣ «አብሮ የታሰረ» ማለቷ ነው። የውሃውን ኦክስጅን መርሳት የተለመደ ነው፤ ከሰልፌቱ 4፣ ከውሃው 7፣ በጠቅላላው 11 ኦክስጅን አለ። ሃይድሮጅን 14፣ ብረት 1፣ ሰልፈር 1 ሲጨመር 27 አቶም ይሆናል። ከእነዚህ 27 ብረቱ አንድ ብቻ ነው። የጠቅላላው ክብደት 278፣ የብረቱ 55.85 ስለሆነ ድርሻው 20 በመቶ ነው፤ ከ300 ሚሊ ግራም 60 ሚሊ ግራም። ውሃው የተነነበት የደረቀ ፌረስ ሰልፌት ከሆነ በትንሽ ክኒን ያንኑ ያህል ብረት ይገኛል፤ ስለዚህ ሁለት ክኒን ሲያወዳድሩ የሚያዩት የጨውን ሳይሆን የብረቱን መጠን ነው። አወሳሰዱን የሰጠዎት ባለሙያ ካለው አይለውጡ።

«ቤት ልንሠራ የገዛነው ቆርቆሮ ግቢ ውስጥ ተደራርቦ ክረምቱን ከረመ። ስንገልጠው መሃል መሃሉ ነጭ ዱቄት አብቅሏል። ዝገት ከሆነ ለምን ቀይ አልሆነም?»
ደሴ፣ ቧንቧ ውሃ

ቀዩ ዝገት የብረት ነው፤ የእርስዎ ነጩ ደግሞ ብረቱን የሸፈነው የዚንክ ነው። ዚንክ አየር እንደልብ ሲያገኘው ስስ የካርቦኔት ሽፋን ይሠራና ራሱን ይጠብቃል። ሁለት ቆርቆሮ ተጣብቆ መሃሉ ውሃ ሲተኛ ግን አየሩ፣ በተለይ ካርቦን ዳይኦክሳይዱ፣ በበቂ አይደርስም። ያኔ የሚፈጠረው ለስላሳ ሃይድሮክሳይድ ነው፤ አያሽግም፣ ዚንኩን እየበላ ይሄዳል። ኋላ ላይ አየር ሲነካው ዱቄቱ ዚንክ ሃይድሮክሳይድ ካርቦኔት ይሆናል፦ ዜድኤን₅(ሲ-ኦ₃)₂(ኦ-ኤች)₆።

ለተማሪዎች ከዚህ የተሻለ መለማመጃ የለም። ዚንክ 5፣ ካርቦን 2፣ ኦክስጅን ከመጀመሪያው ቅንፍ 6 ከሁለተኛው 6 ተደምሮ 12፣ ሃይድሮጅን 6፣ በድምሩ 25። ቻርጁም ይታረቅ፦ ዚንክ +10፣ ካርቦኔት −4፣ ሃይድሮክሳይድ −6፣ ዜሮ። ዚንክ ሁልጊዜ +2 ስለሆነ ስሙ ላይ ቁጥር አልገባም።

ቆርቆሮውን አሁኑኑ ይነጣጥሉት፣ ያድርቁት፣ ዱቄቱን በደረቅ ጠንካራ ብሩሽ ያራግፉ፤ የሽቦ ብሩሽ የተረፈውን ዚንክ ይፍቀዋልና አይጠቀሙ። ከሥሩ ያለው አሁንም ግራጫ ከሆነ ሽፋኑ አልተበላም፣ ይሠራል። ቀይ ነጠብጣብ ከታየ እዚያ ቦታ ላይ ዚንኩ አልቋል። እስኪመታ ድረስ ቀጫጭን እንጨት በየመሃሉ አስገብተው፣ አንዱን ጫፍ ከፍ አድርገው፣ ከጣሪያ ሥር ያቆዩት። የላስቲክ ሸራ ጥብቅ አድርጎ መጠቅለል እርጥበቱን ያፍነዋል እንጂ አያድነውም።

«ማግኒዚየም ኦክሳይድን ቻርጅ አቀያይሬ ኤምጂ₂-ኦ₂ ብል ‹አቃልል› ተባልኩ። መጽሐፉ ላይ ግን ኤንኤ₂-ኦ₂ ሳይቃለል ተቀምጧል። ሕጉ ለማን ነው የሚሠራው?»
የ10ኛ ክፍል ተማሪ (ወንድ)፣ ደሴ

ቻርጅ ማቀያየር (የአንዱን ቻርጅ ቁጥር ለሌላው ግርጌ መስጠት) አቋራጭ ነው እንጂ ሕግ አይደለም። ሕጉ ይህ ነው፦ ቻርጆቹ ዜሮ የሚመጡበትን ትንሹን የአዮን ብዛት ውሰድ። የሚቃለለው አዮን ነው፣ አቶም አይደለም።

ኤምጂ₂-ኦ₂ ላይ ሁለት ማግኒዚየምና ሁለት የተለያዩ ኦክሳይዶች አሉ፤ አንድ ለአንድ ይበቃል። ኤንኤ₂-ኦ₂ ላይ ግን ሁለቱ ኦክስጅኖች እርስ በርስ ተያይዘው ፐርኦክሳይድ የሚባል አንድ አዮን ሠርተዋል፤ ቻርጁ በጠቅላላው −2 ነው። አንድ አዮን ለሁለት አይከፈልም። ብትከፍለውማ ኤንኤ-ኦ ይቀርሃል፤ +1 እና −2 ደግሞ አይታረቁም። በዚሁ ምክንያት ሜርኩሪ(፩) ክሎራይድ ኤችጂ₂-ሲኤል₂ ሆኖ ይቀራል፤ ሁለቱ ሜርኩሪዎች ጥንድ ናቸው። ሶዲየም ኦክሳሌትም ኤንኤ₂-ሲ₂-ኦ₄ ነው፣ ምንም ቢያስጎመጅህ በሁለት አታካፍለው።

መልካቸው የሚያሳስት ሁለት አሉ፦ ቢኤ-ኦ₂ እና ፒቢ-ኦ₂። እርሳስ +4 መሆን ስለሚችል ሁለተኛው እርሳስ(፬) ኦክሳይድ ነው፤ የመኪና ባትሪ አዎንታዊ ሰሌዳ ላይ ያለው ቡናማ ነገር። ባሪየም ግን ምድብ 2 ነው፣ +4 አያውቅም፤ ስለዚህ የመጀመሪያው ባሪየም ፐርኦክሳይድ ነው። የሚለያቸው ፎርሙላው ሳይሆን የሜታሉን ጠባይ ማወቅህ ነው።

«የጨው ፓኬት ላይ ‹ፖታሲየም አዮዴት›፣ የልጆች ደብተር ላይ ‹ፖታሲየም አዮዳይድ›፣ በረኪና ላይ ‹ሶዲየም ሃይፖክሎራይት› ይላል። እነዚህ ጅራቶች ምን ይሠራሉ?»
ደሴ፣ ፒያሳ

«-አይድ» አብዛኛውን ጊዜ ብቻውን የቆመ ንጥረ ነገር ነው (ሃይድሮክሳይድ ይለያል)፤ ኬ-አይ፣ ሁለት አቶም። «-ኤት» እና «-አይት» ኦክስጅን የያዙ ናቸው፤ ከሁለቱ ኦክስጅን የሚበዛለት «-ኤት» ነው። አዮዴት ኬ-አይ-ኦ₃፣ አምስት አቶም። ሁለቱም አዮዲን ይሰጣሉ፤ ጨው ላይ አዮዴት የሚመረጠው እርጥበትና ሙቀት ሲያገኘው እንደ አዮዳይድ ቶሎ ስለማይበን ነው።

የክሎሪን ቤተሰብ ሁሉንም ያሳያል፦ ክሎራይድ ኦክስጅን የለውም፣ ሃይፖክሎራይት 1፣ ክሎራይት 2፣ ክሎሬት 3፣ ፐርክሎሬት 4። አምስቱም −1 ናቸው፤ ኦክስጅን ሲጨመር ቻርጁ አልተነካም። «-ኤት ማለት 4 ኦክስጅን» የሚለው የክፍል ወሬ ግን ስህተት ነው። ሰልፌትና ፎስፌት 4 አላቸው፣ ናይትሬትና ካርቦኔት 3። ይህን በቃል ከመያዝ ሌላ መንገድ የለውም።

በረኪናው ኤንኤ-ሲኤል-ኦ ነው፣ ከገበታ ጨው በአንድ ኦክስጅን ብቻ ይለያል። ያቺ አንድ ኦክስጅን ናት ልብስ የምታነጣው። ከሎሚ፣ ከአቼቶ ወይም አሲድ ካለበት የሽንት ቤት ማጽጃ ጋር ከተደባለቀ የክሎሪን ጋዝ ይወጣል፤ በጠባብ መታጠቢያ ቤት ሳንባ ይጎዳል።

ባጭሩ

ኤን-ኤች₄-ኤን-ኦ₃ን «ኤን₂-ኤች₄-ኦ₃» ብሎ ማሳጠር ይቻላል ወይ ላላችሁን፦ የአቶም ቁጥሩ 9 መሆኑ አይለወጥም፣ ግን አሞኒየሙና ናይትሬቱ ከዓይን ይጠፋሉ፤ ስም ሊወጣለት አይችልም። አይጻፍም።

2ኤች₂-ኦ እና ኤች₂-ኦ₂ አንድ መስለውት ለጻፈልን የኮምቦልቻ ተማሪ፦ የመጀመሪያው ሁለት የውሃ ሞለኪዩል ነው፣ 6 አቶም፣ ይጠጣል። ሁለተኛው አንድ የሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ ሞለኪዩል ነው፣ 4 አቶም፣ ቁስል ላይ ሲፈስ አረፋ የሚያወጣው።